ሌሊት 11 ሰዓት

ፊቴ መንፋት የጀመረ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ «ተመችቶሃል!» አለኝ። እኔም አሜን ብዬ ተቀበልኩ፤ በአገራችን ጉንጭ ሲሞላ ይመረቃል እንጂ ማን ይመረምራል? ለደም ግፊት ጎራ ያልኩበት ክሊኒክ ያለችው ወጣት ሐኪም ግን አልመረቀችኝም። ፊቴንና ሆዴን አየት አደረገችና «ኮርቲዞል እንለካ» አለች።

ምርመራው ሲነገር ቀላል ነው። ማታ 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታሶን መዋጥ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ደም መስጠት፣ አለቀ። ኮርቲዞልን የሚሠሩት ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ናቸው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ግን አንጎል ሥር ከተንጠለጠለችው ፒቱታሪ ነው። ዴክሳሜታሶን የኮርቲዞል ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። አንጎል ውስጥ ልግባ ቢል የደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች እየመለሱ ያስወጡታል። ፒቱታሪ ግን ከዚያ አጥር ውጭ ስላለች በቀላሉ ያገኛታል። እሷም ገበያው እንደሞላ ያየ ነጋዴ ማዘዟን ታቆማለች፤ የጤነኛ ሰው ኮርቲዞል ጠዋት በዴሲሊትር ከ1.8 ማይክሮግራም በታች ይወርዳል።

የእኔ የዚያን ብዙ እጥፍ ሆኖ መጣ። «ምናልባት ፒቱታሪ ላይ የበቀለ ነገር…» ስትል ጆሮዬ ጭው አለ። ለኤምአርአዩ ገንዘብ ሳሰባስብ ሰነበትኩ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሃርቬይ ኩሺንግ የተባለው አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በ1932 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ያሳተመውን ስልኬ ላይ እከታተላለሁ። የገለጸው ክብ ፊት ቁርጥ የእኔ!

በቀጠሮው ቀን፣

«ጋሼ፣ ክኒኑን ስንት ሰዓት ወሰዱ?»

«ልክ በ11 ሰዓት።»

«በጣም ጥሩ።» ጻፈች።

«ዶሮ ሲጮህ ተነስቼ። ቤቱን ሁሉ ቀሰቀስኩት።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «የምን ዶሮ?»

ለካ ደም የምሰጥበትን በእኛ ሰዓት ነግራኝ፣ የክኒኑን በፈረንጅ ጽፋዋለች። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ «11»ን አይታ ፖስታው ላይ «ሌሊት 11 ሰዓት» ብላ ገለበጠችው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ መዋጥ የነበረብኝን፣ ደም ልቀዳ 3 ሰዓት ሲቀረኝ ዋጥኩት። ኮርቲዞል በባሕርይው ሊነጋ ሲል ነው የሚያሻቅበው፤ ፒቱታሪዬ ክኒኑ ሳይደርስባት ስታዝ አድራለች።

ተደገመ፤ ከ1.8 በታች ወረደ። ሐኪሟ አሁን ስለ ቅቤና ስለ ቢራ ትጠይቀኝ ጀመር፤ ዝርዝሩ ይቅር። የሁለተኛውን ላቦራቶሪም ከኪሴ ከፍዬ መድኃኒት ቤቷ ጋ ሄጄ አፈጠጥኩ።

«አባቴ፣ እኔ የታዘዘውን ነው የጻፍኩት» አለች። «ደግሞስ ማን ሰው ነው ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ክኒን የሚውጥ?»