ትናንት እዚህ ነበረች

ሊኑክስ የሚነዳው ላፕቶፔ ላይ ያለው ሶፍትዌር ሁሉ በነፃ የተገኘ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አላወጣሁበትም። ሂሳቡን የምከፍለው ጠዋት ጠዋት ነው። ማታ ስዘጋው ከታች በግራ በኩል የነበረች ቁልፍ ሌሊቱን መሃል ላይ ሄዳ ታድራለች። እንዲያውም አምሮባታል፤ ጠርዟ ተሞርዶ ክብ ሆኗል፣ ጥላ ተጨምሮላታል። እጄ ግን በለመደበት ሄዶ ባዶውን ቦታ ይደበድባል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ውሉ ነው። እንደ ኡቡንቱ ያለው ሊኑክስ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ ረጋ ማለት የፈለገ ሰው ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የሚወጣውን፣ አምስት ዓመት የሚደገፈውን ይዞ ይተኛል። «ሮሊንግ» የሚባለው ግን እትም የሚባል ነገር አያውቅም። ከ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ያለው አርች ሊኑክስ፣ ኦፕንሱሴ ተምብልዊድና መሰሎቻቸው አዲስ የተሠራውን ፈትሸው ወዲያው ያደርሱሃል። የእኔ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ በነፃ ከሚያበላኝ ሰው ጋር መቀያየም አልፈልግም። «ይህን ወድጄዋለሁ፣ ያንን ተዉልኝ» ማለትም አይቻልም፤ አርች ግማሹን አድሶ ግማሹን መተው እንደማይደግፍ በግልጽ ጽፎ አስቀምጧል። ኪራይ የማይጠይቅ አከራይ በለው፤ ግቢውን በየሳምንቱ ያሳምራል፣ ሲያሰኘው ደግሞ በሩን በጓሮ በኩል ያዞረዋል። ምን ትለዋለህ? ኪራይ ጨመርክብኝ አትለው!

አፕዴት ማድረግ ራሱ ሥርዓት አለው። ሁለት ሳምንት ችላ ካልኩት የሚወርደው ከአንድ ጊጋ ባይት ማለፉ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ እገዛና ሰው ሲተኛ እነሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰማዩን አያለሁ። ደመና ካለ አልነካውም። ነጎድጓድ ከሰማሁ ላፕቶፑንም አልከፍትም። ባትሪው አርጅቶ ውሃ እስኪፈላ እንኳ አይቆይም፤ ፋይሎቹ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆነው ሳለ መብራት የሄደ እንደሆነ፣ ጠዋት የሚጠብቀኝ ጥቁር ስክሪንና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ ናት። አንድ ሌሊት ባለቤቴ መስኮት ከፍቼ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ አገኘችኝ።

«ምን እየጠበቅህ ነው?»

«አፕዴት።»

«በሰማይ ነው እንዴ የሚመጣው?» ብላ ተመልሳ ተኛች።

በዚህ የምንንገላታው ግን እኛ ተራዎቹ ብቻ አይደለንም። የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዴስክቶፕ ወደ ዴስክቶፕ ሲሰደድ የኖረ ሰው ነው። ኬዲኢ የሚባለው ዴስክቶፕ 4.0 እትም በጃንዋሪ 2008 ሲወጣ ገና ያልበሰለ ብዙ ነገር ነበረበት፤ ሰውዬው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ግኖም ሄደ። በኤፕሪል 2011 ደግሞ ግኖም 3 መጣና ከታች የነበረውን የመስኮቶች ዝርዝር አነሳው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገን የምናቆይባትን ትንሿን ቁልፍም ከነቦታዋ ነቀላት። ቶርቫልድስ በአደባባይ ተቆጥቶ ወደ ኤክስኤፍሲኢ ገባ፤ ቆይቶ ደግሞ ወደ ግኖም ተመለሰ። በዓለም ላይ ስንት ሰርቨር በእሱ ሥራ እየተነዳ፣ እሱ ቁልፍ ጠፍቶበት ከቤት ቤት ሲዞር ሳስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለራሴ ያለኝ ግምት ከፍ ይላል።

በዚያ ሰሞን ከቁጣ ያለፈ ሥራ የሠራ ሌላ ሰው ነበር። አርጀንቲናዊ ነው፤ ያውም የአርች ተጠቃሚ፣ ማለትም እንደ እኔ ጠዋት ጠዋት የሚደነግጥ። ሁሉም ጥሎት የሄደውን የግኖም 2 ኮድ አነሳና፣ በአገሩ እንደ ሻይ በሚጠጣው ቅጠል ስም «ማቴ» ብሎ ሰይሞ ማሳደስ ጀመረ። ማቴ ዛሬም በሕይወት አለ። ኬዲኢ 3.5ን አንለቅም ያሉትም «ትሪኒቲ» ብለው እስካሁን ያሻሽሉታል። ሕጉ ይፈቅዳላ! ኮዱ ክፍት ነውና የተቀየመ ሰው አሮጌውን ቀድቶ መሄድ ይችላል። እኔ ኮድ ስለማልጽፍ መቀየሙን ብቻ ነው የያዝኩት።

የኬዲኢ አዲሱ ዴስክቶፕ፣ ፕላዝማ 6፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2024 ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ወደ ጣት ወረደ። ኬዲኢ ላይ ለዓመታት ፎልደር በአንድ ክሊክ ነበር የሚከፈተው። ከ6 ጀምሮ፣ ሌላ ካላዘዝከው በቀር፣ በሁለት ሆነ። ምክንያታቸው ትክክል ነው፤ ከሌላ ሲስተም የሚመጣው ሰው ሁሉ ሁለቴ መምታት ለምዶ ነው የሚመጣው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መመለስም ይቻላል። ይኸ ነው ይበልጥ የሚያናድደው፤ መጮኺያ ያሳጣሃል።

ቁልፍም ዞረ ክሊክም ተጨመረ፣ ሰው ይለምዳል። የእኔን ዓይን ያስለቀሰው ፊደል ነው።

በሊኑክስ ስክሪን ላይ መስኮቶችን የሚያስተዳድረው ለረጅም ዘመን ኤክስ 11 የሚባል የ1987 ሥርዓት ነበር። ሽማግሌው ሰው አማኝ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የምትጽፈውን ቢሰልል ዝም ይላል። በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ይህን በር ዘጋው፤ ፕላዝማ 6ም በዌይላንድ መነሣትን ልማዱ አደረገ። ጥሩ አደረጉ። ግን አማርኛ የምንጽፍበት አይባስ የሚባለው ፕሮግራም ሥራው ምንድን ነው? የምንመታውን የላቲን ቁልፍ መሃል ላይ ተቀብሎ፣ በድምፁ ፊደል አድርጎ ማቀበል። ሰላዩ በር ላይ ሲታገድ አስተርጓሚውም አብሮ ተያዘ። አሁን በሌላ በር፣ ፈቃድ ይዞ መግባት አለበት፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ግን አልተነገረውም።

እናም አንድ ጠዋት፣ ስሙን በማልጠራው ዴስክቶፕ ላይ፣ «ሰላም» ብዬ ስጽፍ በላቲን ወጣ። ደገምኩት፤ አሁንም ላቲን። የዚያን ቀን ለአዘጋጁ የማስረክበው ጽሑፍ ነበረኝ። የድሮ ጽሑፎቼን ስከፍት አንድም ፊደል አልጎደለባቸውም፤ ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ ስላለ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። ማንበብ እችላለሁ፤ መጻፍ ግን አልችልም። በዚህ ዕድሜዬ ግማሽ መሃይም ሆንኩ።

ቋንቋ የሚለው ውስጥ ገባሁ፤ አማርኛ አለ ይላል። የኪቦርድ አቀማመጥ የሚለው ውስጥም ገባሁ፤ እዚያም አለ ይላል። አገርና አካባቢ የሚለው ደግሞ፣ ሳልጠይቀው፣ ኢትዮጵያ መሆኔን አረጋገጠልኝ። ሰነዱን ሁሉ አገላብጬ በመጨረሻ ያገኘሁት የት ነው? «ቨርችዋል ኪቦርድ» የሚል ገጽ ውስጥ! ስክሪን በጣት ለሚነካ ታብሌት የተዘጋጀ ነው ብዬ ዘወትር የማልፈው ገጽ ነው። የእኔ ኪቦርድ ደግሞ የሚዳሰስ፣ ከቁልፎቹ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ የሞላበት፣ ከሁሉም ይበልጥ እውነተኛ የሆነ ኪቦርድ ነው። ገብቼ አይባስን መረጥኩ፤ ሰላም ተመለሰ። ሠሪዎቹ ምክንያት አላቸው፤ የስክሪን ላይ ኪቦርድም አይባስም በዌይላንድ ዓይን ሁለቱም ቁልፍ ተቀብለው ጽሑፍ የሚያቀብሉ ናቸው። ምክንያቱ ሲገባኝ ግን ጽሑፉ ዘግይቶ ነበር፤ አዘጋጁም «አፕዴት ነው» ስለው እንደ «ትራፊክ ነው» ነው የቆጠረው።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ሰው እንደሚጠቀመው ዊንዶውስ ብትጭን ምን አለበት?» አለኝ። መልስ ከመስጠት ማሳየት መረጥኩና ማሽኑን አጥፍቼ አስነሳሁት። ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ከአፕዴቱ በፊት የነበረውን ቀን መረጥኩለት፤ ዴስክቶፑ የድሮዋን ቁልፍ ከነቦታዋ ይዞ ተነሣ። ቢቲአርኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት የሲስተሙን መልክ አንስቶ ያስቀምጣል፤ ኦፕንሱሴ ላይ ስናፐር የሚባለው ፕሮግራም ከአፕዴት በፊትና በኋላ ራሱ ያነሳዋል። ልጁ ለአፍታ ዝም አለና «ይህን ለሰው አልሠሩትም?» አለ። እናቱ የፈተና ውጤቱን ያየችው በዚያው ሳምንት ነበር።

ታዲያ ለምን ረጋ ወዳለው አልሄድም? ሞክሬዋለሁ። ረጋ ያለ እትም ስህተቱንም ረጋ አድርጎ ነው የሚይዘው። ሌላው ዓለም ካስተካከለው ብልሽት ጋር ቀጣዩ እትም እስኪመጣ አብረህ ትኖራለህ። በሮሊንግ ግን አንዳንዴ አንተ ሳታውቀው ሰብረው ሳታውቀው ጠግነውት ታገኘዋለህ። እኔ ከለመድኩት ብልሽት አዲሱን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ወሬ አለው።

በአማርኛ የምትጽፉ የሊኑክስ ሰዎች፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ፊደል እንቢ ያለ ቀን ተሳድባችሁ ወደ አሮጌው አትመለሱ፤ ምን እንደመታችሁ፣ ምን እንደወጣ ጽፋችሁ ለሠሪዎቹ ላኩላቸው። በአማርኛ የማይጽፍ ሠሪ፣ እኛ ካልነገርነው፣ ፊደላችን ተሰብሮ ማደሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስትጽፉም በጨዋ አንደበት ይሁን፤ ብዙዎቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም።