እመት ጦጢትና ማር መሪዋ

በአንድ ሰፊ ጫካ ውስጥ ሐኪም የሚባል አንድ ፍጥረት ብቻ ነበር፤ እሱም አባ ጉጉት። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። በሽታ ግን ሰዓት አይመርጥም፤ ከወንዝ ማዶ የታመመች ሚዳቋ ዛፉ ሥር ሳትደርስ መንገድ ላይ ትቀራለች። እመት ጦጢት ይህን ስታይ ኖራ አንድ ነገር አበጀች፦ ደረት ላይ ሲለጠፍ የልብ ምቱንና ሳሉን አድምጦ ለአባ ጉጉት የሚያደርስ ቅጠል። ሰሚ ቅጠል አለችው። ጉጉት ከጎጆው ሳይወጣ ይሰማል፣ የትኛው ሥር ታኝኮ እንደሚዋጥ ይናገራል። ሁለት ክረምት ሳይሞላ ቅጠሉን ለጥፎ የማያውቅ ደረት በጫካው ጠፋ።

ያን ጊዜ መንጋዋ አላስቀምጥ አላት። «ጫካው ጠበበን፤ ባሕር እንሻገር!»

መሻገር ያማረው መካሪ አያጣም። ከጫካው ዳር ትልቁ ዋርካ ሥር መካሪዎች ተኮልኩለው ይውላሉ። በቀቀን «ፍጠኚ፣ ስፊ፣ እደጊ» የሚሉ ሦስት ቃላት ያውቃል፤ ሦስቱንም በውድ ይሸጣል። አያ ጅቦ ደግሞ ከሁሉም ልምድ አለኝ ባይ ነው፤ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት እንደሚቻል ከእሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ እኔም እመሰክራለሁ። «ሦስት አገር ባንድ ጊዜ ግቢ» አላት። «ሥጋውን እኔ አቀርባለሁ።» በምላሹ የሚወስደውን ግን ሲመሽ እንጫወታለን ብሎ አለፈው።

ማር መሪ ወፍ ዋርካው ሥር አትቀመጥም። ትንሽ፣ ዳለቻ፣ ዓይን የማትሞላ ናት። ምግቧ ሰምና እጭ ነው፤ ቀፎውን ራሷ መስበር ስለማትችል እየጮኸች ማር ቆራጭ አስከትላ ትሄዳለች። እሱ እሳትና መጥረቢያ አለው፣ እሷ ቦታውን ታውቃለች። ባዶ ግንድ ላይ ብታደርሰው እሷም ጦሟን ታድራለች። ዋርካው ሥር ያሉት ግን ማር ተገኘም አልተገኘ ራታቸውን በልተው ይተኛሉ። መካሪ የሚመርጥ ሰው ከምስክር ወረቀቱ በፊት ይህን ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጦጢት ወፏን ያገኘቻት በአጋጣሚ ነው። ወፏም ገና ሰላምታው ሳያልቅ «የምትሄጂበት አገር ሲታመሙ የሚከፍለው ማን ነው?» አለቻት።

«በሽተኛው ነዋ።»

«ያ በአንቺ ጫካ ነው። ነይ ተከተዪኝ።»

መጀመሪያ የወሰደቻት ወደ ጉንዳኖች አገር ነው። በዚያ አገር በሽተኛው ከኪሱ አይከፍልም፤ የሚከፍለው የጋራው ጎተራ ነው። ጎተራውን የሚያስከፍተው ደግሞ በር ላይ ያለው መዝገብ ነው። በር ጠባቂዎቹ ማመልከቻውን ተቀብለው ሦስት ወር ይመረምራሉ። ማስረጃው ያልተሟላ ግን ተስፋ ያለው ከሆነ ለ12 ወር በጊዜያዊነት ይመዘግቡታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጥቅሙን ማሳየት አለበት። (ይህ ጀርመን አይደለም ወይ ያለ አንባቢ አልተሳሳተም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ማብቂያ በወጣው ሕግ የጀርመን ሐኪም የስልክ መተግበሪያን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ላይ መጻፍ ይችላል፣ ሒሳቡንም የጤና መድን ይሸፍናል።)

ጦጢት ደረቷን ነፍታ ገባች። «ጫካው ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ ቅጠሉን የለጠፉት ድነዋል።»

ጉንዳኗ ከመዝገቡ ቀና ሳትል «ያልለጠፉትስ?» አለቻት።

«ምን ሆኑ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅሽ። ያልለጠፉትም በራሳቸው ድነው ከሆነ ቅጠልሽ ምን ሠራ?» ጉንዳኗ ገጹን ገለጠች። «ደግሞስ ሳላቸው የት ነው የሚያድረው?»

«አባ ጉጉት ጆሮ ውስጥ፤ በኛ ጫካ።»

«ከግንባችን ክልል ውጭ? እንግዲያው አልገባሽም።»

ጦጢት ከዚያ ስትወጣ ተቆጥታ ነበር። «ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አለቻት ወፏን።

«ነግሬሽ ቢሆን ወረቀት ፈልጊልኝ ትዪኝ ነበር። አሁን ሰማሽው።»

ይህ መልስ ደስ የሚል አይደለም፤ ወፏም ደስ የምትል አልነበረችም። ጦጢት ወደ ንስሮቹ አገር እንብረር ብላ ስትለምናትም አልወሰደቻትም። «50 በር አለው፤ ባንዱ በር የተፈቀደለት ሐኪም በሌላው በር ያለውን በሽተኛ ለማከም ሌላ ፈቃድ ያወጣል። ከፋዮቹም ብዙ ናቸው፤ የሚከፍሉበትም መንገድ እንደየቤቱ ነው። ስንቅሽ ስንት ወር ያዘልቅሻል?» ጦጢት ስንቋን ቆጠረችና ዝም አለች።

ቀጥሎ የደረሱት የሺ ኮረብቶች አገር ነው። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ነዋሪዎች የማኅበረሰብ ጤና መድን አላቸው፤ ነገሩ ለጦጢት የተመቸ መስሎ ታያት። ሽማግሌው አባ ጎሪላ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ቅጠሏን ተቀበለ፣ አሸተተ፣ መለሰላት።

«መጀመሪያ ነገር፣ አብዛኛው ሰው ይህን የሚይዝበት የለውም። ያለን የድሮው ቀንድ ነው።» (ቀንዱ ያው ኮከብና መሰላል እየነካን አጭር ቁጥር የምንልክበት ተራ ስልክ ነው።) «ሁለተኛ፣ ካንቺ በፊት ጣዎስ መጥቶ ነበር።»

«ጣዎስ? ከየት?»

«ከደሴት። በአውሮፓውያኑ 2016 መጣ። ሲመጣ እንዳንቺ ቅጠል ብቻ ይዞ ነበር ብለሽ አታስቢ፤ ብልህ ነው፣ ቶሎ ወደ ቀንዱ ተመለሰ። የኛኑ ነርሶች፣ የኛኑ ሐኪሞች ቀጠረ፤ በራሳችን ቋንቋ ያነጋግሩን ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሆነን ተመዘገብን። እናቴ ኮረብታ ሳትወርድ መድኃኒቷ ታዘዘላት። በ2020 የአሥር ዓመት ውል ተፈራረምን።»

«ታዲያ እሱ ካለ እኔን ምን ትፈልጉኛላችሁ?»

ጎሪላው ሣቀ። ሣቁ የደስታ አልነበረም።

«ጣዎስ ልቡ ኮረብታ ላይ አልነበረም። በ2021 ወደ ትልቁ ገበያ ሄዶ ጭራውን ዘረጋ፤ ዋጋው በቢሊዮን ተጠራ፣ በንስሮቹም አገር ሰፊ ሥራ ያዘ። ያ ሥራ ያስገባለት ያስወጣውን አልሸፈነም። በ2023 ወደቀ። እኛ ዘንድ ያለው እግሩ ጤነኛ ነበር፤ ነገር ግን ራሱ ሲሞት እግሩ ብቻውን አይቆምም። አንድ ጠዋት ቀንዱ ውስጥ የሚመልስ ጠፋ።»

ስሙ ይጠራ ከተባለ የለንደኑ ባቢሎን ነው፤ በሩዋንዳ ባቢል ይባል ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከአወዳደቁ ይልቅ፣ ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ የኒው ዮርኩ አክሲዮንና የባለገንዘቦቹ ኪሳራ ብቻ መነሣቱ ነው። ኮረብታው ላይ ቀንዱን ጆሮዋ ላይ ይዛ የቀረችው አሮጊት በየትኛው የሒሳብ መዝገብ እንደገባች አላውቅም።

አባ ጎሪላ ወደ ጦጢት ጠጋ አለ። «ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። አንቺ የሞትሽ ቀን ሳላችን የት ይሄዳል?»

ጦጢት ለጉንዳኗ ጥያቄ የተናደደችውን ያህል አልተናደደችም። ወፏን አየቻት፤ ወፏ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ላባዋን ታበጥራለች፣ መልስ አታቀብልም። ጦጢት ራሷ ማሰብ ነበረባት፤ ሦስት ቀንም ፈጀባት። በአራተኛው ቀን መጥታ «ሳላችሁ እዚሁ ኮረብታው ላይ ይደር» አለች። «የቅጠሉን ዘር ደግሞ ለልጆችህ አስተምራለሁ፤ እኔ ብጠፋ እነሱ ያበቅሉታል። ቀንዱንም እንዲሰማ አድርጌ አስተካክለዋለሁ።»

መንጋዋ ይህን ሲሰማ ጮኸ። «ዘሩን ሰጥተሽ ምን ቀረን? አያ ጅቦ እኮ ይህን ሁሉ አልጠየቀንም!» የአጎቷ ልጅ አያ ዝንጀሮ ግማሹን መንጋ ይዞ ወደ ዋርካው ሄደ፤ የጅቦን ሥጋ ተቀብሎ ወደ ሦስቱም አገር ባንድ ሳምንት ተነሣ። እሱ የት እንደደረሰ ሌላ ተረት ነው።

ጎሪላው አሰበና «አሥር ዓመት አልፈርምም» አለ። «አንድ ክረምት። ባንድ ወረዳ። ቅጠል ያልያዙትንም ጎን ለጎን እንቆጥራለን።»

«ጉንዳኗ ነገረችህ እንዴ?» አለች ጦጢት።

«ማንም አልነገረኝም፤ ተቃጥዬ ነው የተማርሁት።»

ፈረሙ። ሲመለሱ ጦጢት ወፏ ስለ ሰሟ እስክታነሣ ጠበቀች፤ ወፏ ዝም ስትል ጊዜ ራሷ ጀመረች። «እመቤቴ፣ ድርሻሽ ስንት ነው?»

«ማሩ ሲቆረጥ ቀፎው ሥር የሚቀረው ሰም የኔ ነው፤ ዛሬ ማር የለም፣ ዛሬ ድርሻ የለም። ይልቅ አባ ጉጉትን ወደዚህ ለማምጣት እያሰብሽ እንደሆነ ከዓይንሽ አይቻለሁ።»

«ምን ክፋት አለው? ከእሱ የሚበልጥ ሐኪም የለኝም።»

«የዚያን ኮረብታ አሮጊት በምን ቋንቋ ሊያናግራት ነው? ጣዎስ ያባረራቸው ነርሶች ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ነገ ጠዋት ሄደሽ አነጋግሪያቸው፤ ደሞዛቸውንም ከመቅጠርሽ በፊት ቁረጪ።»