ሽምብራ አሳ በፋሲካ ሌሊት

ድስቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ክዳኑን በነጠላዬ ጠፍሬ፣ በቅዳም ሹር ከሰዓት ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈርኩ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ገና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሽታው ደርሷቸው፣ «ዶሮዋን ከአሁኑ ሠርተሽ ጨረስሽ? ጎበዝ!» አሉኝ። ዶሮ ሳይሆን ሽምብራ አሳ ነው ስላቸው ዝም አሉ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ አሞሽ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

አላመመኝም። የዛሬ 6 ዓመት ለፋሲካ የተገዛ በግ ግቢያችን ውስጥ 3 ቀን ታስሮ ሰነበተ። ሳርና ውሃ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። በመጨረሻው ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ ድምፄን ለይቶ ጮኸ። የዚያን ዕለት ሥጋው አልወርድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወተቱም፣ ቅቤውም፣ እንቁላሉም ከእኔ ቀረ።

በሁዳዴ 55 ቀን ማንም ልብ አይለኝም፤ ሁላችንም አንድ ገበታ ላይ ነን። ረቡዕና ዓርቡን፣ የፍልሰታውን፣ የነቢያቱን ፆም ደምራችሁ እዩት፤ የዓመቱ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ያን ሁሉ ቀን ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ ጣዕም የሚያወጡት የእናቶቻችን እጆች ናቸው። ሱፉን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ አጥልለው ወተት ያስመስሉታል። ከባቄላ ዱቄት ስልጆ ይጥላሉ። ይህ ሁሉ ጥበብ ፍስክ ሲገባ ጓዳ መግባቱ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ሽምብራ አሳውን ይዤ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ በበዓል ገበታ መሃል ላይ ላየው ፈልጌ።

ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። የሽምብራውን ዱቄት በዘይት፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ጠንከር አድርጎ ማቡካት፣ ሊጡን በስሱ ዳምጦ በቢላ የአሳ ቅርጽ ማውጣት ይጠይቃል። ቅርፊቱን በሹካ ጫፍ ጫር ጫር አደርገዋለሁ፤ ዓይኑን በክብሪት እንጨት እወጋለሁ። ዘይት ውስጥ ጠብስ ጠብስ ካደረግሁት በኋላ ወደ ቁሌቱ ነው። ቁሌቱ የዶሮ ወጥ ቁሌት ነው፣ ልዩነት የለውም፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ እየተማሰለ ይቆያል፣ በርበሬው ከዚያ በኋላ ይገባል። አሳዎቹ መረቁን እየጠጡ ሲያብጡ ማየት ደስ ይላል። ሚኒባስ ውስጥ የነበሩት እናት ዶሮ ነው ቢሉ አልፈርድባቸውም።

ደብረ ብርሃን ደርሼ፣ ማታ ድስቱን ለአክስቴ ሰጥቼ ከቤተሰቡ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አክስቴን እቴቴ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ ቤት ጠባቂ እሳቸው ነበሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ግድም ስንመለስ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ መሶቡ ቀርቧል። መጀመሪያ ተልባ ጠጣን፤ የሁዳዴን ሆድ ለዶሮ የሚያዘጋጀው እሱ ነውና። ዶሮው ወጣ፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ለጋሼ ሄደ። ከዚያ የኔ ድስት ተከፈተ።

ያወቅሁት ከሽታው ነው። ኮሰረት። ኮረሪማ። አናቱ ላይ ቢጫ ቅቤ ዓይን ዓይን ሠርቶ ይንሳፈፋል።

«ደርቆብሽ ሳየው አንጀቴን በላው» አሉ እቴቴ፣ ፊታቸው በደስታ እየበራ። «2 ማንኪያ ንጥር ጣል አደረግሁበት። ፋሲካ አይደል?» ከዚያ አንዷን አሳ በእንጀራ ጠቅልለው እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ጋሼ መጉረሱን አቆመ። ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ ጡት ከጣልኩ ጀምሮ ያጎረሰኝ እጅ ነው፣ የእቴቴን ጉርሻ ደግሞ በቤታችን መልሶ የሚያውቅ የለም። ክርናቸውን ይዤ አንጓቸውን ሳምኩና፣ «እቴቴ፣ ቅቤ አልበላም እኮ» አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ፈሩ። «ልጄ፣ በዓለ ሃምሳ እኮ ገባ! ረቡዕና ዓርቡ እንኳ አይፆምም። ጌታ በተነሣበት ቀን ፆም ይዘሽ ልትውዪ ነው?» እንባቸው ቀረረ። የሰጉት ለነፍሴ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በ6 ዓመት ውስጥ ስለ በጉ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም፤ አልበላም ብቻ እል ነበር።

«እየፆምኩ አይደለም እቴቴ፤ እየገደፍኩ ነው። ይሄ የኔ ፍስክ ነው» አልኳቸው። የበጉንም ነገር ነገርኳቸው፣ እስከ ጩኸቱ። ጉርሻውን ለጋሼ አጎረሱትና ምንም ሳይሉ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ልጆቹ ለአሳዎቹ ይሻማሉ፤ አንዱ ጅራቱን፣ አንዱ ራሱን። እኔ ተከትያቸው ገባሁ። እቴቴ ከእሳቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ትንሿን ሸክላ ጥደው ዘይት አፍስሰዋል። ሽሮው በሰፌድ ላይ ተነፍቶ ይጠብቃል።

«ኮሰረቱ እንኳ ቅጠል ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ኮረሪማውም ፍሬ ነው። ዘይቱ ውስጥ ልጨምረው?»

ይጨምሩ አልኳቸው። ዘይቱ ሲሞቅ የቅቤ ማንጠሪያ ቀን ሽታ ጓዳውን ሞላው። ሽሮው ተንተክትኮ ሲወርድ ጫፉን በእንጀራ ቆርሰው፣ እፍ እፍ ብለው አበረዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«አሁንስ?»

አፌን ከፈትኩ።