የመዋጮና የማኅተም አዋጅ

ስማ ስማ! ተሰማማ! የአያት ተሳፋሪ ስማ፣ የገርጂ ተሳፋሪ ስማ! መገናኛ የያዝከውን ሰልፍ ሳትለቅ ጆሮህን ብቻ ወደ ሞንታርቦው መልስ። ከሾላ ገበያ ሽንኩርት ተሸክመሽ የመጣሽ እናት፣ ፌስታልሽን መሬት አድርጊና ስሚ። ድምፁ ላምበረት ድረስ ስለማይደርስ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ባቡሩ እስኪያልፍ አንባቢው ትንሽ ይታገሣል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በየስብሰባው ሲነገር የኖረ ስለሆነ፤

ሀብቱ የሕዝብ ከሆነ ጣሪያው ሲያፈስ መጠየቅ ያለበት ሕዝቡ ራሱ መሆኑ ስለታመነበት፤

ስለ ገንዘቡ ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ግን ስብሰባ ስለሚያስረዝምና ሻይ ስለሚያስጨርስ፤

እስከ ዛሬ በቃል ብቻ ሲሠራበት የቆየውን ልማድ በጽሑፍ ማስፈር ስላስፈለገ፤

የሚከተለው ታውጇል።

ጉዳዩ ትናንት የተጀመረ የሚመስለው ካለ ይታረም። በ1940 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጥሎ፣ ገንዘቡ በየአካባቢው በቦርድ እንዲታይ አድርጎ ነበር። ግብሩን ገበሬው ከፈለ፤ ትምህርት ቤቱ ብዙውን ጊዜ ከተማ ተሠራ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. የግል ትምህርት ቤቶችን የሕዝብ አደረገና ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ራሱ እንዲያስተዳድርና እንዲቆጣጠር አወጀ። በ1976 ዓ.ም. ያንኑ ለማጠናከር ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጣ፤ የመጀመሪያው ለምን ማጠናከሪያ እንዳስፈለገው አዋጁ አይናገርም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በበኩሉ አስተዳደሩ ወደ ታች ይውረድ፣ ኅብረተሰቡ ይሳተፍ አለ። ቦርድም መጣ፣ ወተመህም (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) መጣ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን ተረክቧል፤ ቁልፉን የተረከበበት ቃለ ጉባኤ ግን እስካሁን አልተገኘም።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመዋጮና የማኅተም አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። የአዋጁ ቁጥር በጀት ሲፈቀድ ይሰጠዋል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

«ነጻ ትምህርት» ማለት ክፍያው ክፍያ ተብሎ የማይጠራበት ትምህርት ነው። «በፈቃደኝነት» ማለት ልጅህ ከመመዝገቡ በፊት ማለት ነው። «ኅብረተሰብ» ማለት ገንዘብ በሚፈለግበት ቀን አንተ ማለት ነው፤ ውሳኔ በሚሰጥበት ቀን ግን «የሚመለከተው አካል» ይባላል፣ እሱም አንተ አይደለህም።

አንቀጽ 3፤ ተፈጻሚነት

አዋጁ በመገናኛና በዙሪያው ይጸናል። አስፋልቱን ወዲህ ስትሻገር ቦሌ፣ ወዲያ ስትሻገር የካ ስለሆነ፣ ማንኛውም አቤቱታ መጀመሪያ ወደ ተሳሳተው ክፍለ ከተማ ይቀርባል። ለሚ ኩራ ራሱን ችሎ ከተቋቋመ ወዲህ ለአቤት ባዩ ሦስተኛ ምርጫ ተጨምሮለታል፤ «እኛን አይመለከትም» የሚለውን መልስ አሁን ከሦስት ቢሮ ማግኘት ይቻላል። ይህም አገልግሎትን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ ነው።

አንቀጽ 4፤ ስለ ምርጫ

የቦርድና የወተመህ አባላት በነጻና ፍትሐዊ ጭብጨባ ይመረጣሉ። ምርጫው የሚካሄደው ወላጅ ሥራ በሚውልበት ቀን፣ ሥራ በሚውልበት ሰዓት ነው። በስብሰባው ያልተገኘ ወላጅ ሊመረጥ ይችላል፤ እንዲያውም ስለማይቃወም ይመረጣል። አይሱዙ ያለው ወላጅ ያለ ውድድር ሊቀመንበር ይሆናል። ሲሚንቶ የሚነግድ ምክትሉ ይሆናል። የሒሳብ ባለሙያ ከተገኘ ጸሐፊ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ሒሳብ አይታይም።

የተማሪ ተወካይም ይኖራል። ሥራው ወንበር ማምጣት ነው።

«ቦርዱ በድምፅ መስጫ ወረቀት ይመረጥ» የሚል ወላጅ ቢነሳ የሚከተለው ይነበብለት። በአዲስ አበባ የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. የከተማው ምክር ቤት ሲመረጥ ወረዳው አልተመረጠም። የትምህርት ቤቱን በጀት ከላይ ሆኖ የሚያየው ወረዳ ራሱ እንዲህ ከሆነ ቦርዱ ምን ቸኮለ? በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ክፍል ሳይደግም በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተቀምጧል። በዚያ ዓመት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ወረዳውም፣ ቦርዱም፣ ልጁም አብረው ጠብቀዋል፤ የተፈተነው ግን ልጁ ብቻ ነው።

አንቀጽ 5፤ የቦርዱ ሥልጣንና ተግባር

ቦርዱ ዕቅድ ያጸድቃል። ዕቅዱ የሚቀርብለት ከጸደቀ በኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ከፊት ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። ተማሪ ሲያረፍድ፣ ሲጣላ፣ ስልክ ይዞ ሲገኝ ወላጁን ይመክራል። ከዚህ የተረፈውን ሥልጣን በሙሉ በነጻነት ይጠቀምበታል።

ገንዘብን በተመለከተ የሚከተለው ይታወቅ። ገንዘቡ ከከተማው ይነሣል፣ በየደረጃው ይወርዳል፣ የየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ በጋራ በሚያዝበት የወረዳው ፋይናንስ ፑል ውስጥ ገብቶ ያርፋል። አብዛኛው የመምህራን ደመወዝ ነው፤ እሱንም ማንም አይቀናበትም፣ በተለይ ቤት ኪራዩን የሚያውቅ። ለትምህርት ቤቱ ሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ቾክ፣ ወረቀትና ሳሙና ነው። ሳሙናው አንዳንዴ ወረቀት ላይ ብቻ ይገኛል።

ለምሳሌ የልጃገረዶች ሽንት ቤት በር መሸጎሪያው ተነቅሏል እንበል። መሸጎሪያ ሾላ ገበያ በር ላይ ተዘርግቶ ይሸጣል፤ አናጢውም እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። ሕግ ግን ሕግ ነው። በመጀመሪያ ዩኒት ሊደሩ ለርእሰ መምህሩ (ር/መምህሩ) ይጽፋል። ር/መምህሩ ቦርዱን ያወያያል፤ ቦርዱም በር መሸጎሪያ እንደሚያስፈልገው በሙሉ ድምፅ ይወስናል። ውሳኔው ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ወደ ፑል ይሄዳል። ፑል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። የሾላው ነጋዴ ፕሮፎርማ ሲባል «ወንድሜ፣ ትገዛለህ አትገዛም?» ይላል። ፕሮፎርማ የሚሰጥ ባለ ሱቅ በስንት ፍለጋ ይገኛል፤ ዋጋው ግን የሾላውን እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ከገበያ ዋጋ በላይ ነው ተብሎ ይመለሳል። እንዲህ እየተባለ ሰኔ ይገባል።

ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። ገንዘብ መለሰ የተባለ ትምህርት ቤት ደግሞ ለከርሞ አላስፈለገውም ተብሎ ይቀነስበታል። ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት ፕሮፎርማው የተሟላለት ዕቃ ሁሉ ይገዛል። ከሐምሌ ጀምሮ በየክፍሉ አዲስ የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎ ይታያል፤ ባትሪው በሚቀጥለው በጀት ተይዟል። የሽንት ቤቱ በር መሸጎሪያ ስላልተገዛለት ልጅቷም ጓደኛዋን በሩን አስይዛ ትገባለች። በሩን የያዘችው ልጅ በሪፖርቱ ላይ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በሚለው ሣጥን ትመዘገባለች።

አንቀጽ 6፤ ስለ መዋጮ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ለዚህ አዋጅ ዓላማ እየጨመረ የሚሄደው የወላጅ መዋጮ ነው።

ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የሚል ንቅናቄ ጀምሮ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቶችን በገንዘብም በጉልበትም እንዲያድስ ጥሪ አድርጓል። ሕዝቡ አላሳፈረም። በየቦታው ግንብ ቆመ፣ ቀለም ተቀባ፣ ዴስክ ተጠገነ። ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት አይሰስትም፤ ይህን ለማወቅ በመስከረም ሾላ ደብተር ተራ ቆሞ ማየት ይበቃል። ስለዚህ ያዋጣ ወላጅ ስሙ በቀለሙ ባልዲ ላይ ይጻፍለታል። ቀጥሎ የትኛው ክፍል እንዲቀባ የመጠየቅ መብት ግን የለውም። በተለይ ዋናውን መንገድ የሚያየው አጥር ከውጭ በኩል ተቀብቶ ከውስጥ በኩል ለምን እንደቀረ መጠየቅ የልማት እንቅፋት ነው።

ደረሰኝ በሞዴል 19 ይሰጣል። ሞዴል 19 አልቋል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ጣሪያና ግድግዳ፣ እንዲሁም ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ

በአዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር በ2015 ዓ.ም. ተመኑ ተከልሶ ጨምሯል። ከፋዩ ቤት ሠርቶ ለሰፈሩ ከፈለ፤ በሰፈሩ ያለው ትምህርት ቤት ግን ከዚህ ውስጥ ለእኔ የሚደርሰኝ ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት መስኮት የለም።

በዚህ ጊዜ ከሰልፉ መካከል «ወንድሜ ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ እኮ…» የሚል ሰው እንደሚነሳ ይታወቃል። ጨዋ መንግሥት ስለሆንን መልሱን አዘጋጅተናል። እውነት ነው፤ እዚያ ከአካባቢው የሚገኘው የትምህርት ገንዘብ በከፊል ከቤትና ከመሬት ግብር ይመጣል፣ ቦርዱም በአብዛኛው በምርጫ ካርድ ይመረጣል። የሐበሻው መናኸሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ተማሪዎች ራሳቸው መርጠው የሚልኩት፣ ድምፅ የሚሰጥ የተማሪ አባል በቦርዱ አለ። ወንበር አያመጣም። ነገር ግን ያ የተመረጠ ቦርድ ግብር መጣል አይችልም፤ በጀቱን ይዞ ወደ ካውንቲው ምክር ቤት ሄዶ ይጠይቃል፣ ምክር ቤቱም ይቆርጥበታል። በዚያ አገር በብዙ ቦታ ቤቱ ውድ የሆነ ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይወፍራል፣ ድሃው ሰፈር ይከሳል። እነሱም እንደኛ ደጅ ይጠናሉ ማለት ነው።

ልዩነቱ ጥቂት ነው። እዚያ ቦርዱ ደጅ ሲጠና ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የጠየቀው ብር በቁጥር ይታወቃል፣ የከለከለውም ሰው በስም ይታወቃል፣ በሚቀጥለው ምርጫም ይታወሳል። እነዚህ ዝርዝሮች ለአገራችን ነባራዊ ሁኔታ ስለማይስማሙ ከዚህ አዋጅ ወጥተዋል።

አንቀጽ 8፤ የማይፌዝበት

በ2012 ዓ.ም. በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ከዚህ አዋጅ ነጻ ነው። አርቃቂው ይህን አንቀጽ ሊቀልድበት ሞክሮ አልቻለም። በባዶ ሆድ መጥቶ ሰልፍ ላይ ይወድቅ የነበረ ልጅ በልቶ ይማራል፤ ድስቱን የሚያማስሉትም የሰፈር እናቶች ናቸው። ወጡ ቀጠነ፣ እንጀራው አነሰ ብላ የምትናገር መጋቢ እናት በትምህርት ቤቱ ግቢ ከቦርዱ ሁሉ ይልቅ ትደመጣለች፤ ጭልፋው በእጇ ነዋ።

አንቀጽ 9፤ ስለ ግል ትምህርት ቤት

ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ ለዋጋ ጭማሪ ውይይት ይጠራል። ውይይቱ የሚካሄደው ጭማሪው በደብዳቤ ከታተመ በኋላ ነው። ወላጁ ተቃውሞውን ተናግሮ ሲጨርስ ወደ ካሸር ይሄዳል። ሌላ የሚጨመር የለም፤ የሚጨመረው ተጨምሯል።

አንቀጽ 10፤ ስለ ግልጽነት

የትምህርት ቤቱ ገቢና ወጪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ሰሌዳው በመስታወት ይሸፈናል፣ መስታወቱ ይቆለፋል፣ ቁልፉ በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ዘንድ ይሆናል። ፀሐይ ከሚያየው ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ቁጥሮቹ በመጋቢት ይነጣሉ። ከዚያ በኋላ ግልጽነቱ ሙሉ ይሆናል።

አንቀጽ 11፤ ስለ ቅጣት

«ስንት ገባ? ስንት ወጣ? ማን ወሰነ?» ብሎ በወላጆች ስብሰባ ላይ የጠየቀ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ይሾማል። ሰነዱን ግን አያይም። ጥያቄውን የደገመ የግንባታ ኮሚቴም ሰብሳቢ ይሆናል። ለሦስተኛ ጊዜ የጠየቀ የገቢ አሰባሳቢ ኮሚቴ ይመራል፤ ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ በስልክ ካልሆነ አያገኘውም።

አንቀጽ 12፤ የተሻሩ ሕጎች

ቦርዱ በበጀቱ ላይ ድምፅ ይኑረው የሚል ማንኛውም ፖሊሲ፣ መመሪያ ወይም ማኑዋል በወረቀት ላይ እንደጸና ይቀጥላል። በተግባር ላይ ያለው ክፍል ስለሌለ የሚሻር ነገር አልተገኘም።

አንቀጽ 13፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ በልማድ ግን ከዚያ በፊትም የጸና ነበር። ፊርማ አለው። ማኅተሙን የያዙት ር/መምህር ወረዳ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ለማኅተም ሰኞ ተመለሱ።