የገና ጭነት፤ ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ ደጋው ቤት

የሀዲያና የከምባታ ሰው ለበዓል ወደ ወላጆቹ ስለሚያደርገው ጉዞ እስካሁን የተወራው ሁሉ በመስከረም ዙሪያ ነው። ተገቢ ነው። ያሆዴ ለሀዲያ፣ መሳላ ለከምባታ የዘመን መለወጫ ናቸው፤ ሁለቱም ከመስቀል ጋር ተጎራብተው ይውላሉ፤ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ያልተነሣ ሰው ወይ ታሟል ወይ አሠሪው ፈጣሪን አይፈራም። ታኅሣሥ ላይ ልጅ አዝሎና ዘይት አንጠልጥሎ ለገና ወደ ደጋ የሚወጣው ቤተሰብ ግን ተመራማሪ አጥቶ ኖሯል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። የጥናቱ ቦታ የሆሳዕና መናኸሪያ ነው። የመረጃ መሰብሰቢያ ዘዴው ሻይ አዝዞ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው።

መላ ምታችን አጭር ነው፤ የገና ተጓዥ የመስቀል ባለ ዕዳ ነው። በመስቀል የመጣ፣ የበላና የተመረቀ ሰው በሦስት ወሩ ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። ታኅሣሥ ላይ የሚመጣው የቀረው ነው፤ «ሥራ በዛብኝ» ያለው፣ «ልጆቹ ትምህርት ሊጀምሩ ነው» ያለችው። ስለዚህ የገና ተጓዥ ጭነት ከመስቀሉ ይከብዳል። ጸጸት ኪሎ አለው። በመናኸሪያው ባደረግነው ምልከታ አባወራው አንድ ጀሪካን ዘይት ከያዘ የቀረው አንድ በዓል ነው፤ ዘይቱ ላይ ስኳር፣ ሩዝና ለአባት ኮት ከተጨመረ ሁለት በዓል ቀርቷል፤ ባለ አበባው የቻይና ብርድ ልብስ በዚፕ ላስቲኩ እንደተቋጠረ ከታየ ደግሞ ሰውየው ለቅሶም ቀርቷል ማለት ነው።

የቀኑ ነገር ራሱን የቻለ ችግር አለው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን 28 ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሆኖም በዚያ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ ቅርጫው ከተከፋፈለ በኋላ የሚደርስ አጎት በየቤቱ አይጠፋም። ድርሻው ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ ወቀሳውም እንደዚያው።

ወደ መናኸሪያው እንግባ። ከአዲስ አበባ ወደ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣው ቤተሰብ ሆሳዕና ሲደርስ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። በበዓል ስም የተጠራች ከተማ ስለሆነች በዓሉም እዚያው የሚገኝ ይመስላል። የለም፤ በዓሉ ከዚህ በላይ ነው፤ በዱና ደጋ፣ በዶዮገና፣ በአንጋጫ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍ በሚለው በአምበርቾ ተራራ ግርጌ። ወደዚያ የሚወስደው ዶልፊን ወይም ቅጥቅጥ ነው። «ዶዮገና! አንጋጫ! ዱራሜ!» የሚለው ረዳት ጥሪውን የሚደመድመው ምንጊዜም «አንድ ሰው ነው የቀረን» ብሎ ነው። በረዳቶች የሒሳብ ትምህርት ቤት «አንድ» ማለት ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ያለው ቁጥር በሙሉ ሲሆን፣ ልጅ የታቀፈች እናት ስትመጣ ደግሞ ዜሮም ትሆናለች።

አንድ እናት በመስኮቱ በኩል አጎንብሰው «ልጄ፣ መቼ ነው የምትወጡት?» ብለው ጠየቁ።

«አሁን ማዘር፣ ግቡ፤ ሞልቷል እኮ።»

«ከሞላ እኔ የት ልቀመጥ?»

ረዳቱ መልስ አልሰጠም። ሴትዮዋም አልጠበቁም፤ ገቡና ተቀመጡ። በዘርፉ ያልተፈታ ጥያቄ ሆኖ ይመዝገብ።

መኪናው መውጫ ቆርጦ ከበር ሲወጣ እንደገና ይቆማል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ተሳፋሪ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ትርፍ የሚባለው ይህ ሰው በሕግ የለም፤ ሂሳብ ሲከፍል ግን አለ። ራቅ ብሎ ትራፊክ የታየ እንደሆነ ረዳቱ «ጎንበስ በሉ» ይላል፤ ሽማግሌው፣ ተማሪው፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ባለ ጥቁር መነጽር ሁሉም እኩል ጎንበስ ይላል። የገና የመጀመሪያው የጋራ ጸሎት ይህ ነው፤ የሃይማኖት ልዩነት የለበትም።

መንገዱን በተመለከተ ታኅሣሥ ከመስከረም ይሻላል። በመስቀል ክረምቱ ገና ስላልለቀቀ የመጨረሻው ሁለት ኪሎ ሜትር በጭቃ ውስጥ በእግር ነው፤ በገና ጭቃው አቧራ ሆኗል፤ ሞተርም እስከ በር ይገባል። በምትኩ ብርዱ አለ። የታኅሣሥ ሌሊት በደጋ ውርጭ ይጥላል፤ የአዲስ አበባ ልጆች ማለዳ ሣሩ ላይ ነጭ አይተው «በረዶ ጣለ» ብለው በቪዲዮ ይቀርጻሉ። አያትየው የሚያስቡት ስለ ባቄላው ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ንጽጽር ማቅረብ የጥናት ወግ ነው። ኖርዌይ የሚባለው አገር ሕዝቡ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሲሆን ከ400 ሺህ በላይ የዕረፍት ጎጆ አለው፤ ብዙዎቹ በተራራ ላይ ናቸው። ቤተሰቡ ለበዓል ወደዚያ ወጥቶ እሳት አንድዶ ዝም ይላል። ዓላማው ከሰው መራቅ ነው ይባላል። የኛ የተራራ ቤት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ እዚያ የሚደርስ ሰው ለመራቅ ቢሞክር እንኳ አይችልም። ገና ከሞተሩ ሳይወርድ የሰፈሩ ልጆች ዜናውን አድርሰዋል፤ ምሽቱን ጎረቤት ሁሉ መጥቶ «መቼ መጣህ?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያው «መቼ ትሄዳለህ?» ይከተላል። ሁለቱም ጥያቄ ፍቅር ነው። ሁለተኛው ግን ለሽኝቱ ዝግጅት ቀን መቁጠሪያም ጭምር ነው፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

የደጋው ግቢ ሁለት ቤት አለው። አንደኛው ክቡ ሣር ቤት ነው፤ መሐሉ ምድጃ፣ በአንድ ወገን ከብት፣ በሌላው ሰው። ሁለተኛው ከጆሃንስበርግ ወይም ከደርባን በተላከ ብር የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሴራሚክ አለው፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ በሩም ይቆለፋል። የቤተሰቡ አባላት በሙሉ በቆርቆሮው ቤት ይኮራሉ፤ በሙሉም ሣር ቤት ያድራሉ፤ የላሟ ትንፋሽና የምድጃው ፍም የሚሰጡትን ሙቀት ሴራሚክ አይሰጥምና። ቆርቆሮው ቤት ባዶ አይደለም፤ ባለፉት ገናዎች የመጡት ባለ አበባ ብርድ ልብሶች ዚፓቸው ሳይከፈት ተደራርበው ይኖሩበታል።

ስለ ምግቡ ብዙ አንልም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ የማያውቀው በጽሑፍ አይጠግብም። ኅዳር 15 የገባውን ጾመ ነቢያት የጾሙ አያትና በመካነ ኢየሱስ ወይም በቃለ ሕይወት መዘምራን የሆኑ ልጆች በአንድ ምድጃ ስለሚኖሩ እስከ በዓሉ ዋዜማ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ በበዓሉ ቀን ድስቱ አንድ ይሆናል። የቡላው ምግብ አተካና ይቀርባል። ቡላው በቅቤ ነው የተሠራው ማለት ስህተት ነው፤ ቅቤው በቡላ ነው የተሠራው። «በቃኝ» የሚለው ቃል በዚህ ቤት የሚሰማው «ጨምሩልኝ» ተብሎ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲነገር «ምን አስቀየምንህ?» የሚል ምርመራ ያስከትላል።

ማታ የቆርቆሮውን ቤት ብር ወደላከው ልጅ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይደወላል። ኔትወርክ የሚገኘው ከእንሰቱ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ቤተሰቡ በብርድ ይወጣል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሁሉም ይጮኻል፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ በመስኮቱ ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ የሚያየው ጨለማና የአንድ ሰው ጆሮ ነው። «ትታዩኛላችሁ» ይላል። አይታየውም። እናቱም «እኛም አየንህ» ይላሉ። የመስቀል ዕዳ ከሁሉ የከበደበት እሱ ነው፤ የቆርቆሮውን ቤት ሠርቷል፤ አንድ ሌሊት አላደረበትም።

አሁን ወደ ዋናው ግኝት ደርሰናል፤ የመመለሻው ጭነት።

መላ ምታችን እውነት ቢሆን ኖሮ ባለ ዕዳው ዕዳውን ከፍሎ ቀለል ብሎ መውረድ ነበረበት። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። «መቼ ትሄዳለህ?» የተባለው ለዚህ ነበር። ጠዋት ሲነሣ በሩ ላይ አንድ ጆንያ ድንች፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ቡላ፣ ዳጣ፣ ጣሳ ሙሉ ቅቤ፣ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ተሰልፈዋል። ዘመዱ ዶዮገና ከሆነ በግም አይጠፋም፤ የዚያ አገር በግ በዘሩ የታወቀ ነው። ሰውየው «ኧረ ይህን ሁሉ የት አደርሰዋለሁ!» ይላል። እናቱም በሐዘን ይመለከቱትና «ባዶ እጅህን ልትሄድ ነው?» ይላሉ።

ሒሳቡን እናስላ። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ ሴቶቹ ይፍቁታል፣ በጉድጓድ ይቀብሩታል፣ እየገለበጡ ያብላሉታል። ስለዚህ በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ አሁን ኬጂ ከገባችው የልጅ ልጅ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል፤ የተተከለውም «ይመጡ ይሆናል» ተብሎ ነው። በዚህ ፊት ቀርቦ የሚቆመው ትናንት ከሱቅ የተገዛው ዘይት ነው። ልዩነቱን የሚከፍል የገና ጉዞ በምልከታችን አልተገኘም፤ ወደ ላይ የወጣው ጭነት ወደ ታች ከወረደው በልጦ የታየበት ጊዜም የለም። ባለ ዕዳው ሊከፍል ወጥቶ ተበድሮ ይወርዳል፤ ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል እንደገና መውጣት ግድ ይለዋል። እናቶቹ ይህን ሆን ብለው ያቀናጁት እንደሆነ ጠይቀን «ብላ እንጂ» የሚል መልስ ተሰጥቶናል።

ታኅሣሥ 30 መናኸሪያው ወደ አዲስ አበባ ይዞራል። ረዳቶቹ የከፍታውን መንገድ ረስተው «አዲሳባ! አንድ ሰው!» ይላሉ። ፖርቶ መጋላው በድንች ይጎብጣል፤ አውራ ዶሮዎቹ ከላይ ሆነው ይጮኻሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ልጆቹ ቆጮው ይሸታል ብለው ያጉረመርማሉ፤ አባታቸው «ዝም በሉ፣ አይሸትም» ይላል፤ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚበላውም እሱ ነው።

ለወደፊት ተጓዦች አንድ ምክር ብቻ አለን። የቅቤውን ጣሳ ለረዳት አትስጡ። «ፋዘር፣ ላይ እናድርገው፣ ምንም አይሆንም» ይላችኋል። የታኅሣሥ ማለዳ ስለሚበርድ ታምኑታላችሁ፤ ቡታጅራ ስትደርሱ ግን ፀሐይ ትወጣለች፤ ቅቤውም የጎረቤታችሁ ኮት ላይ ይደርሳል። ጉልበታችሁ ላይ ያዙት።