ጅብ ሲበዛ፣ በሬ ሲጠፋ

እርስዎ የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነዎት እንበል፤ ወይም የወላጆች ስብሰባ ላይ በማርፈድዎ በሌሉበት «የድራማ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ» ተብለው ተመርጠዋል። ኃላፊነትዎ የአምስት ዓመት ልጆችን በቡድን ድራማ መተባበርን ማስተማር ነው። አይስጉ። ምክሬን ከሰሙ፣ ልጆቹ ባይተባበሩም በዓመቱ መጨረሻ ተደርድረው ፎቶ ይነሣሉ።

መጀመሪያ ተረት ይምረጡ። ለዚህ ጉዳይ የሦስቱን በሬዎች ተረት የሚያህል የለም። ነጭ፣ ቀይና ጥቁር በሬ አብረው ሲውሉ ሲያድሩ ጅብ ይፈራቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለቱን ጠጋ ብሎ «ይኼ ነጩ እኮ ነው በጨለማ እየታየ የሚያስበላችሁ» አላቸው። ነጩን አሳልፈው ሰጡት። ቆየት ብሎ በቀዩም ላይ ነገር ሠራ፤ ቀዩም ተበላ። ጥቁሩ ብቻውን ሲቀር ጅቡ ሰበብ መፈለግ እንኳ አላስፈለገውም።

ልጆቹ ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ። አሁን «እሺ፣ ማን ምን ይሁን?» ብለው ይጠይቁ። ከ28 ልጆች 26ቱ ጅብ መሆን ይፈልጋሉ። አንዷ ሙሽራ ካልሆንኩ ትላለች፤ በተረቱ ውስጥ ሙሽራ እንደሌለች ቢያስረዷትም አቋሟን አትለውጥም። አንዱ ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጋል።

አይደንግጡ፤ ልጆቹ ተረቱን በደንብ ተረድተውታል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጠግቦ የሚያድረው ጅቡ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው አዋቂዎች የሚያደርጉትን ያድርጉ። ጅብነትን ድምፁ ለጎላ፣ ቃል ለማይረሳና እናቱ የልብሱን ወጪ ለምትችል ልጅ ይስጡ። በሬነትን ለሦስት ጨዋ ልጆች ያከፋፍሉ። የቀሩትን 24 ልጆች ዛፍ ያድርጓቸው። ዛፍ አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፣ አለባበሱም ርካሽ ነው፤ አረንጓዴ ወረቀት ይበቃዋል። (ሙሽራዋም ዛፍ ትሆናለች፤ ቬሏን ግን አታወልቅም።) ልጁ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጁን ዘርግቶ ሲቆም ስለ መተባበር ትልቅ ቁም ነገር ይገበያል፦ መተባበር ማለት ሌላው ሲጫወት ዝም ብሎ መቆም ነው።

የልብሱ ነገር ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። እንስሳትን መድረክ ላይ ማውጣት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔታችን የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ባለታሪኮቹ አውሬዎች ነበሩ። አውሬዎቹ ሰው ሰው ስለሸተቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ስለዚህ ለጅቡ መነጽር ማድረግ ካማረዎት፣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መነጽር እንደማያደርጉ ያረጋግጡ።

ሌላም መንገድ አለ። ለፎቶ ስለማይመች አልመክርዎትም፤ ግን አልሰማሁም እንዳይሉ ልንገርዎ።

በዚህኛው መንገድ ዛፍ የለም። ቃለ ተውኔትም ለጊዜው የለም። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ፊት ለፊት ያቆሟቸዋል፤ አንዱ እጁን ቀስ አድርጎ ሲያነሣ ሌላው መስታወት ሆኖ ይከተለዋል። መሪው ከፈጠነ መስታወቱ ይበላሻል። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛው እንዲደርስበት ራሱ ይዘገያል፤ «ጓደኛህን ጠብቀው» ብሎ የመከረው ሰው ሳይኖር። እንዲህ ያሉትን የቴአትር ጨዋታዎች በሰፊው ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ቫዮላ ስፖሊን ናት። ጨዋታዎቹን ያዳበረችው ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ጋር ስትሠራ ነበር፤ መጽሐፏ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጣ። ያስፈለጋት ነገር ባዶ ወለልና ሕግ ያለው ጨዋታ ነበር። ባዶ ወለል ደግሞ እኛም ጋ አይጠፋም፤ ወንበሮቹን ማን ያንሣ በሚለው ካልተጣላን በቀር።

ከዚያ ወደ በሬው ይመለሱ። ሦስት ልጆች አንድ ጋቢ ውስጥ ይግቡና አንድ በሬ ይሁኑ፦ አንዱ ራስ፣ አንዱ ሻኛ፣ አንዱ ጅራት። 28ቱ ልጆች ዘጠኝ በሬና አንድ ጅብ ይወጣቸዋል። (የሦስት ዓመት ልጆች ከሆኑ ይህን አይሞክሩ። ሚልድረድ ፓርተን በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው ትንንሾቹ አብረው ከመጫወታቸው በፊት ጎን ለጎን ነው የሚጫወቱት። ሦስት ሆነው አንድ በሬ ከመሆን ይልቅ ሦስት በሬ ሆነው ጋቢውን ይጓተቱታል።)

አሁን ጠብ ይነሣል። ጅራት መሆን የሚፈልግ የለም። ራስ የሆነው ጓደኛውን አይቶ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ሻኛው ይደናቀፋል፣ ጅራቱ መሬት ላይ ይቀራል፣ ጋቢው ይወድቃል፣ ለቅሶ ይሰማል። «ላም ነህ» ሲሉት «እኔ ላም አልሆንም፣ ወንድ ነኝ» የሚልም አይጠፋም። ለእሱ አባባ ተስፋዬን ይጥቀሱለት፤ ለልጆች በቴሌቪዥን ተረት ከመተረታቸው በፊት፣ ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው የተጫወቱ ታላቅ ሰው ነበሩ። ለተቀረው ጠብ ግን አንደበትዎን ይያዙ። ይህ ከምክሬ ሁሉ ከባዱ ነው። አዋቂ ሰው ሦስት ልጆች ሲከራከሩ እያየ መፍትሔውን ሳይናገር ሁለት ደቂቃ መቆም አይችልም። ሻይ ይጠጡ። ጫማዎን ይሰሩ። ከልጆቹ አንዱ «በተራ እንሁን» እስኪል ወይም «ቀኝ፣ ግራ» እያለ መቁጠር እስኪጀምር ይታገሡ። ድራማው ሰበብ ነው፤ ልጆቹ የሚማሩት ጋቢው ሥር ባለው ክርክር ነው። እርስዎ መጥተው «አንተ ጅራት ሁን» ካሉ በሬው በአንድ አፍታ መራመድ ይጀምራል፤ ልጆቹ ግን መታዘዝን እንጂ መተባበርን አልተማሩም።

ሌላም አደጋ አለ። በዚህ መንገድ የሄዱ ልጆች ተረቱን ያበላሹታል። ጅቡ መጥቶ «ነጩን ስጡኝ» ሲል ዘጠኙም በሬዎች እምቢ ብለው ያባርሩታል። ብቻውን ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ደግሞ አንዱ በሬ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «ና ግባ» ይለዋል። ይህን በእንጭጩ ይቅጩት፤ ቃለ ተውኔቱ ተተይቦ፣ ታትሞ፣ በዳይሬክተሩ ተፈርሞበታል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ መቼም ያለ ሞንታርቦ አይሆንም። ድምፁ ቀደም ብሎ ይቀዳ፤ ልጆቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ የተረሳ ቃል እንዳይኖርና አንዱ ለሌላው ማስታወስ እንዳያስፈልገው። ከመድረኩ ጀርባ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ጽሑፍ ይሰቀል። ፊደሎቹን እስከ እኩለ ሌሊት ብቻዋን ተቀምጣ ከስፖንጅ የምትቆርጠው የኬጂዋ መምህርት ናት፤ የቀሩት የኮሚቴ አባላት ስልካቸው አይነሣም።

እርስዎ ከፊት ወንበር ይያዙ። መጋረጃው ሲከፈት ግን ተነሥተው ታብሌትዎን ከጭንቅላትዎ በላይ ከፍ አያድርጉት። ከኋላዎ የተቀመጡት እናት በግራ በኩል የአራተኛው ዛፍ እናት ናቸው፤ ልጃቸውን ለማየት ከሥራ አስፈቅደው ነው የመጡት። እባክዎ ይቀመጡላቸው።