የውስጡን ዝጋው

የእህቴ ልጅ ሠርግ ይቀርጻል። ጥር ላይ የተጋቡት በፋሲካም ቪዲዮአቸውን እየጠየቁ ሲያስመርሩት ጊዜ ኮምፒውተሩን ሊያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ገዛ፤ ጂቲ 1030 የምትባለውን። ኮምፒውተሩ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ስለሆነ ፓወር ሰፕላዩ ለካርድ የሚተርፍ ገመድ የለውም። ይቺ ካርድ ግን 30 ዋት ገደማ ብቻ ነው የምትፈልገው፤ ስሎቱ ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። እስከዚህ ደህና ነበርን።

ጓደኛው ካቻቪቴውን ይዞ መጣ። «መጀመሪያ የውስጡን ዲሴብል እናድርግ፤ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ» አለ። ባዮስ ገባ፣ አብሮ የተሠራውን ግራፊክስ ዘጋ፣ ሴቭ አድርጎ አጠፋ። ካርዷን ሰካ፣ ብሎኗን አጠበቀና የሞኒተሩን ገመድ አነሳ። ሰማያዊው ቪጂኤ። ካርዷ ላይ ያሉት ኤችዲኤምአይና ዲቪአይ ብቻ ናቸው።

«አዳፕተር አለኝ!» ከቦርሳው የዲቪአይ መቀየሪያ መዘዘ። አልገባም። የካርዷ ዲቪአይ ዲጂታል ብቻ ነው፤ የቪጂኤውን ሲግናል የሚያወጡት በጠፍጣፋው ቀዳዳ ዙሪያ የሚሆኑት አራት ቀዳዳዎች የሉትም።

«እንግዲያው አውጣትና በድሮው እንይ» አልኩ። ወጣች። ስክሪኑ ጥቁር። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ካርድ ሲያጣ የራሱን ግራፊክስ መልሶ ያስነሳል። የእኛው ግን ዝጋ ሲሉት ዘግቶ፣ ክፈት ለማለት ደግሞ በር ከፍተህ ግባ የሚል ዘበኛ ሆነብን።

የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ አውጥቶ ትንሽ ቆይቶ መመለስ ብዙውን ጊዜ የባዮሱን ሴቲንግ ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ይህን ብለው ጓደኝየው «ዊንዶውሱ ይጠፋል!» ብሎ ጮኸ። ዊንዶውስ ሃርድ ዲስክ ላይ እንጂ ባትሪ ላይ አይኖርም፤ ግን ካቻቪቴውን የያዘው እሱ ነው።

የቀረው ኤችዲኤምአይ ያለው የሳሎኑ ቲቪ ነበር። እህቴ ድራማዋን እያየች ነው። «ጋሼ፣ አንተ ንገራት» አለኝ ልጁ። ነገርኳት። «ሲያልቅ» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። ኮምፒውተሩን ታቅፈን ጠበቅን። ሲያልቅ ካርዷን መልሰን ሰክተን በኤችዲኤምአይ አገናኘናት፤ ምስሉ መጣ። ጓደኝየው ደረቱን ነፋ።

ልጁ ወዲያው አንዱን ሠርግ ኤክስፖርት ማድረግ ጀመረ። ከበፊቱ ባሰ! ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ክዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ መጭመቂያ አስገብቷል፤ የሚሠራውም በዚያው አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ውስጥ ነው። ጂቲ 1030 ደግሞ እንዲህ ያለ ኢንኮደር የላትም፤ ሌላ ሥራ ነው ያላት። ሠርጉን በፍጥነት ሲጨምቅ የኖረው እኮ ያ የዘጋነው ነበር።

ምክሩ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ በአዲሱ የግራፊክስ አሠራሩ የተለያየ ድራይቨር የሚፈልጉ ሁለት ግራፊክሶችን ባንድ ላይ አያስኬድም ነበር። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲመጣ ያ ገደብ ተነሳ፤ ምክሩን የሚያነሳው ግን ጠፋ። ዛሬ ካርድ ስትሰካ አብዛኛው ማዘርቦርድ ራሱ ካርዱን ያስቀድማል፤ ከአንተ የሚጠበቀው የሞኒተሩን ገመድ ካርዱ ላይ መሰካት ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ኧረ በገበያም ላይ ሳለህ፣ ገመዱና ቀዳዳው መግባባታቸውን እይ።

ባዮስ ገብተን የውስጡን መልሰን ከፈትነው። ሁለቱ አልተጣሉም፤ ኤክስፖርቱም ወደ ፍጥነቱ ተመለሰ።

አሁን እህቴ ኮምፒውተሩ ከሳሎን እንዳይወጣ ከልክላለች። የሰው ሠርግ በትልቁ ቲቪ ማየት ከድራማው በልጦባታል። ልጁ ኤዲት ሲያደርግ ከኋላው ተቀምጣ «ይቺን ሴትዮ ቁረጣት፤ ስትጎርስ እኮ ነው የቀረጽካት!» ትለዋለች። እሱም ይቆርጣታል።